አሜሪካ መንግሥቷን ሁለት ጊዜ መሠረተች

የአሜሪካ ዜግነት ለመውሰድ የሚዘጋጅ ሰው ሁለት ዓመታትን በቃሉ ይይዛል። የነፃነት አዋጁ መቼ ጸደቀ? ጁላይ 4 ቀን 1776። ሕገ መንግሥቱ መቼ ተጻፈ? በ1787። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን እነዚህን መልሶች ታክሲ ውስጥ ተራ ሲጠብቁ፣ ወይም ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ደጋግመው አጥንተዋቸዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈታኙ የማይጠይቀው በሁለቱ መካከል ያሉትን አሥራ አንድ ዓመታት ነው። ብዙዎቻችን ነፃነቱን ያወጁት ሰዎች በማግስቱ ሕገ መንግሥት ጽፈው፣ ጆርጅ ዋሽንግተንን ፕሬዚዳንት አድርገው አገር ማስተዳደር የጀመሩ ይመስለናል። እንዲያ አልነበረም። በመካከሉ ሌላ መንግሥት ነበራቸው፤ ያም መንግሥት ከሸፈ። ዛሬ የምናውቀውን ሕገ መንግሥት የጻፉት የመጀመሪያው ሙከራ እንዴት እንደ ወደቀ በዓይናቸው ያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሰነዱን ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ እያንዳንዱን አንቀጽ «አንተ የገባኸው የትኛውን ስብራት ለመጠገን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው መንግሥት ምን ዓይነት ነበር?

ከእንግሊዝ የተገነጠሉት አሥራ ሦስት ቅኝ ግዛቶች አንድ አገር አልነበሩም። እያንዳንዱ የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ሕግና የራሱ ኩራት ነበረው። ጦርነቱን ለመምራት ተወካዮቻቸውን ልከው ኮንግረስ የሚባል ጉባኤ አቋቋሙ። ይህ ጉባኤ በኖቬምበር 1777 የጋራ ውል አዘጋጀ፤ በታሪክ የኮንፌዴሬሽኑ ውል እየተባለ ይጠራል። ሜሪላንድ በምዕራብ በኩል ባለው ሰፊ መሬት ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር ስላልተስማማች እስከ ማርች 1 ቀን 1781 ድረስ አልፈረመችም። ውሉ በሥራ ላይ የዋለው ጦርነቱ ሊያበቃ ሲቃረብ ነው ማለት ነው።

ኮንፌዴሬሽን ማለት ነፃ መንግሥታት ሥልጣናቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ የሚገቡበት ኅብረት ነው። ፌዴሬሽን ከዚህ ይለያል፤ በፌዴሬሽን የማዕከሉ መንግሥት በቀጥታ ሕዝቡን ያስተዳድራል፣ በቀጥታም ግብር ይሰበስባል። የአሜሪካኖቹ ውል ራሱን የገለጸው የጸና የወዳጅነት ማኅበር ብሎ ነበር፤ መንግሥት የሚለውን ስም ለራሱ አልሰጠም።

አሥራ ሦስት ቤተሰቦች ያቋቋሙትን አንድ እድር እናስብ። ሊቀ መንበር አለው፤ መዋጮውን ያልከፈለ አባል ግን መቅጣት አይችልም። «እባካችሁ ክፈሉ» የሚል ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው የተፈቀደለት። ከበድ ያለ ነገር ለመወሰን ከአሥራ ሦስቱ ዘጠኙ መስማማት አለባቸው። መተዳደሪያ ደንቡን ለማሻሻል ደግሞ አሥራ ሦስቱም መስማማት አለባቸው፤ አንዱ እንቢ ካለ ነገሩ እዚያው ቀረ። አባል ከአባል ቢጣላ ዳኝነት ቢሰጥም ፍርዱን የሚያስፈጽምለት የለም። እንዲህ ያለ እድር ሐዘን እስኪመጣ ድረስ ደህና ይመስላል።

ይህን ያህል የደከመ መንግሥት ያቆሙት ሞኞች ስለ ነበሩ አይደለም። ከባሕር ማዶ ሆኖ ግብር የሚጥልባቸውን ንጉሥና ፓርላማ በጦርነት እያባረሩ ነበር። አንዱን ጌታ አውርደው ሌላ ጌታ በገዛ እጃቸው ሊሾሙ አልፈለጉም። ስለዚህም ፕሬዚዳንትና ብሔራዊ ፍርድ ቤቶች የሌሉት፣ ግብር የመጣልም ሥልጣን ያልተሰጠው ኮንግረስ ፈጠሩ። ትልቅ ትንሽ ሳይባል እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነበረው።

ታዲያ ምኑ ላይ ከሸፈ?

ገንዘቡ ላይ። ኮንግረሱ ጦርነቱን ያካሄደው በብድርና በሚያትመው የወረቀት ገንዘብ ነበር። ወረቀቱ ብዙም ሳይቆይ ዋጋ አጣ፤ ከፈረንሳይ፣ ከሆላንድና ከገዛ ዜጎቹ የተበደረው ዕዳ ግን አልቀነሰም። በ1781 ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ አምስት በመቶ ቀረጥ እንዲፈቀድለት ግዛቶቹን ጠየቀ። ሁሉም መስማማት ነበረባቸውና ከአሥራ ሦስቱ ትንሿ ሮድ አይላንድ እንቢ ስትል ዕቅዱ ወደቀ። በ1783 እንደገና ሞከረ፤ በዚህኛው ዙር ደግሞ ኒው ዮርክ መንገድ ዘጋች።

ለአገሩ የተዋጋው ወታደር ደመወዙን አላገኘም። በጁን 1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው ወታደሮች በፊላዴልፊያ ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡ። ከታላቋ እንግሊዝ ጋር የተዋጋው ጉባኤ ከራሱ ወታደሮች የሚጠብቀው አጥቶ ከተማዋን ለቆ ወደ ፕሪንስተን ሄደ።

ግዛቶቹ እርስ በርሳቸውም ይጎዳዱ ነበር። ትልቅ ወደብ ያለው ግዛት ወደ ጎረቤቱ በሚያልፈው ዕቃ ላይ ቀረጥ ይጥላል። ኒው ጀርሲ በኒው ዮርክና በፊላዴልፊያ ወደቦች መካከል ስለ ነበረች በኋላ የሕገ መንግሥቱን ንድፍ ያዘጋጀው የቨርጂኒያው ጄምስ ማዲሰን በሁለት ጫፍ ከተበሳ በርሜል ጋር አመሳስሏታል። ሁለቱም ጎረቤቶች ከእሷ ይቀዳሉ።

ለፍትሕ ሲባል ይህ መንግሥት የሠራው ሥራም መነገር አለበት። በ1783 ከእንግሊዝ ጋር ሰላም ተዋውሏል። በጁላይ 1787 ያወጣው ሕግ ደግሞ ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ባለው ምድር ባርነትን ከልክሎ፣ በዚያ የሚመሠረቱ አዳዲስ ግዛቶች ከነባሮቹ ጋር እኩል ሆነው እንዲገቡ ደንግጓል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ የገበሬዎች አመፅ ነገሩን እንዴት ለወጠው?

የማሳቹሴትስ ግዛት የጦርነት ዕዳውን ቶሎ ለመክፈል ሲል ከባድ ግብር ጣለ፤ ግብሩም በብርና በወርቅ ሳንቲም እንዲከፈል ፈለገ። በምዕራቡ የግዛቱ ክፍል የሚኖረው ገበሬ ሳንቲም ከየት ያምጣ? እህልና ከብት ነው ያለው። አበዳሪው ይከስሰዋል፣ ፍርድ ቤቱ እርሻውን ለዕዳ ያሸጣል፣ መክፈል ያቃተውም ይታሰራል። ከእነዚህ ገበሬዎች ብዙዎቹ ለነፃነቱ የተዋጉ ነበሩ፤ ያገለገሉበት ክፍያ ሳይሰጣቸው አሁን ስለ ዕዳ ይጠየቃሉ።

በ1786 መኸር መሣሪያ የያዙ ገበሬዎች ፍርድ ቤቶቹ እንዳይሰየሙ በሮቹን ዘጉ። ከመሪዎቻቸው አንዱ በጦርነቱ በሻምበልነት ያገለገለው ዳንኤል ሼይስ ነበርና አመፁ በስሙ ይጠራል። ጃንዋሪ 25 ቀን 1787 በስፕሪንግፊልድ ወደሚገኘው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ሲቃረቡ ጠባቂዎቹ መድፍ ተኮሱባቸው፤ አራት ሰዎች ሞቱ፣ ሌላው ተበተነ።

አመፁ ቶሎ ቢከስምም ያጋለጠው ነገር ትልቅ ነበር። ኮንግረሱ ሠራዊት አሰባስቦ መድረስ አልቻለም። አመፀኞቹን ያሳደደው የግዛቱ ጦር ስንቅና ደመወዝ የተሸፈነው የቦስተን ነጋዴዎች ባዋጡት ገንዘብ ነው። ባለ ሀብቱ ንብረታችን በማን ይጠበቃል ብሎ ደነገጠ። ድሃው ደግሞ ነፃነት ያልነው ይህን ነው ወይ ብሎ አዘነ። እኔ ሁለቱም እውነት የያዙ ይመስለኛል፤ ቀጥሎ በተጠራው ጉባኤ ላይ ግን ወንበር ያገኘው የመጀመሪያው ድንጋጤ ብቻ ነበር።

ፊላዴልፊያ የተሰበሰቡት ምን ሊያደርጉ ነበር?

ሊያሻሽሉ። ኮንግረሱ በፌብሩዋሪ 1787 የፈቀደው የነበረውን ውል ለማሻሻል ብቻ የሚሰበሰብ ጉባኤ ነበር። አዲስ መንግሥት ጻፉ ያላቸው የለም።

ሜይ 25 ቀን 1787 ምልዓተ ጉባኤ ሲሟላ ሥራ ጀመሩ። በጊዜ ሂደት ከአሥራ ሁለት ግዛቶች የመጡ ሃምሳ አምስት ሰዎች ተገኝተዋል፤ ሮድ አይላንድ ማንንም አልላከችም። ጆርጅ ዋሽንግተን ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። አዛውንቱ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር። የነፃነት አዋጁን የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን በዚያ ወቅት በፓሪስ፣ ጆን አዳምስ ደግሞ በለንደን በዲፕሎማትነት ስለ ነበሩ አልተገኙም። ብዙ ሰው ሁለቱም ሕገ መንግሥቱን የጻፉ ይመስለዋል።

ስብሰባው ዝግ ነበር። የተባለው ወደ ውጭ እንዳይወጣ ደንብ አወጡ፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ መስኮቶቹ እንኳ ይዘጉ ነበር። ምክንያታቸው የሚገባ ነው፤ ሰው በአደባባይ የተናገረውን መልሶ ማንሳት ያፍራል፣ በጓዳ ግን ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። የተባባሉትን ዛሬ በዝርዝር የምናውቀው የሠላሳ ስድስት ዓመቱ ማዲሰን ከፊት ተቀምጦ በየቀኑ ይጽፍ ስለ ነበር ነው። ማስታወሻው የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ በ1840 ነው።

ማዲሰን ባዶ እጁን አልመጣም። የጥንትና የቅርብ ጊዜ ኮንፌዴሬሽኖች ለምን እንደ ፈረሱ አጥንቶ፣ የአዲሱን መንግሥት ንድፍ ከጓደኞቹ ጋር አዘጋጅቶ ነበር። ጉባኤው በተጀመረ በአራተኛው ቀን የቨርጂኒያው አገረ ገዢ ኤድመንድ ራንዶልፍ ንድፉን አቀረበ። የቨርጂኒያ ዕቅድ የሚባለው ይህ ነው፤ አሮጌውን ውል የማሻሻል ነገር በዚያው ቀን አበቃለት።

ትልልቆቹና ትንንሾቹ ግዛቶች እንዴት ተስማሙ?

የቨርጂኒያ ዕቅድ በምክር ቤቱ የሚሰጠው ወንበር በሕዝብ ብዛት ወይም በሚዋጣው ገንዘብ ልክ እንዲሆን ይላል። በ1790 በተደረገው የመጀመሪያው ቆጠራ ቨርጂኒያ ወደ 747 ሺህ፣ ደላዌር ወደ 59 ሺህ ሕዝብ ነበራቸው። ደላዌር ከአንድ እኩል ድምፅ ተነሥታ የቨርጂኒያን ድምፅ አንድ አሥራ ሁለተኛ እንኳ ወደማይሞላ ድርሻ ልትወርድ ነው። የኒው ጀርሲው ዊልያም ፓተርሰን በጁን አጋማሽ ተቃራኒ ዕቅድ አመጣ፤ እኩል ድምፅ ይቆይ፣ ኮንግረሱ ግን ግብርና ንግድ ላይ ሥልጣን ይሰጠው አለ።

ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር ነበረው። አንደኛው «የሰው ድምፅ እኩል ይሁን» ይላል፤ ሌላኛው «ተስማምተን የመጣነው እንደ እኩዮች ነው» ይላል። ክርክሩ ሳምንታት ፈጀ፤ ከኒው ዮርክ ሦስት ተወካዮች ሁለቱ በነገሩ አካሄድ ተበሳጭተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

መውጫውን በዋናነት የገፉት የኮኔቲከት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም ሮጀር ሸርማን ይጠቀሳል። ምክር ቤቱ ለሁለት ይከፈል፤ በአንደኛው፣ ማለትም በተወካዮች ምክር ቤት፣ ወንበር በሕዝብ ብዛት ይሁን፤ በሁለተኛው፣ ማለትም በሴኔት፣ እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሁለት ሰው ይኑረው። ሕግ የሚወጣው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ጁላይ 16 ቀን አምስት ግዛቶች ደግፈው፣ አራት ተቃውመው፣ የማሳቹሴትስ ተወካዮች እኩል ለእኩል ተከፍለው በአንድ ድምፅ ልዩነት አለፈ። ዛሬ ሚሊዮኖች የሚኖሩባት ካሊፎርኒያና ትንሿ ዋዮሚንግ ሁለት ሁለት ሴናተር ያላቸው በዚያ ቀን በተገኘው አንድ ድምፅ ነው።

በባርነት የተያዙት ሰዎችስ?

ይህን ክፍል ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል። በቆጠራው ከአገሪቱ ወደ አራት ሚሊዮን ከሚጠጋ ሕዝብ ወደ 700 ሺህ የሚሆነው በባርነት የተያዘ ነበር፤ ከእነዚህም ወደ 292 ሺህ የሚሆኑት በቨርጂኒያ ነበሩ። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል ሰብሳቢውን ጨምሮ ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ናቸው።

የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር በሕዝብ ብዛት ይሰጥ ከተባለ ሕዝብ የሚባለው ማነው? የደቡብ ግዛቶች ተወካዮች ባሪያዎቻቸው በሙሉ እንዲቆጠሩ ፈለጉ። እንዲመርጡ አይደለም፣ እንዲወከሉም አይደለም፤ ለጌቶቻቸው ወንበር እንዲጨምሩ ነው እንጂ። ከሰሜን የመጡት ደግሞ እንደ ንብረት የምትሸጡትን ሰው ለድምፅ ጊዜ እንዴት ሰው ታደርጉታላችሁ ብለው ተቃወሙ። የስምምነቱ ቁጥር ሦስት አምስተኛ ሆነ፤ አንድ መቶ ሰዎች በባርነት ባሉበት ቦታ ስልሳ ይቆጠራል።

ይህ አንቀጽ በተደጋጋሚ በስሕተት ይተረጎማል። «ጥቁር የሰው ሦስት አምስተኛ ነው» የሚል አንቀጽ ተደርጎ ይነገራል። ነፃ የሆኑ ጥቁሮች ግን እንደ ማንኛውም ሰው በሙሉ ነበር የሚቆጠሩት። በባርነት የተያዙት ሰዎች ጨርሶ ባይቆጠሩ ኖሮ የጌቶቻቸው ሥልጣን ይቀንስ ነበር፤ በሙሉ ቢቆጠሩ ደግሞ ይበዛ ነበር። ክፋቱ ያለው ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራሩ ነው፤ ድምፅ የተነፈገው ሰው ቁጥር ለነፈገው ሰው ድምፅ ሆነ። የፕሬዚዳንቱ መራጮች ቁጥርም በዚሁ ስሌት ስለ ተሠራ ጥቅሙ እስከ ፕሬዚዳንቱ ምርጫ ዘለቀ።

በዚህም አላበቃም። ኮንግረሱ ከውጭ ባሪያ ማስገባትን ከ1808 በፊት እንዳይከለክል ተደነገገ። ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ያመለጠ ሰው ለጌታው እንዲመለስ የሚያዝ አንቀጽም ገባ። ደቡብ ካሮላይናና ጆርጂያ ያለዚህ ወደ ኅብረቱ እንደማይገቡ አስታወቁ፤ የባሪያ ንግድን በጉባኤው ፊት አጥብቆ ያወገዘው የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ራሱ ብዙ ባሪያዎች ነበሩት። በዚያ ሁሉ ድርድር መጨረሻ ላይ «ባሪያ» የሚለው ቃል በሰነዱ ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም፤ «ሌሎች ሰዎች»፣ «እንዲህ ያሉ ሰዎች» እየተባለ ታለፈ። ቃሉን ለመጻፍ አፈሩ፤ ሥራውን ግን አላፈሩበትም።

ፕሬዚዳንቱ ንጉሥ እንዳይሆን ምን አደረጉ?

ጁን 1 ቀን የፔንሲልቬንያው ጄምስ ዊልሰን የአስፈጻሚው ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ ይሁን ብሎ ሲያቀርብ አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ዝም እንዳለ ማዲሰን መዝግቧል። ዝምታው የሚገባ ነው፤ ከአንድ ሰው አገዛዝ ለመውጣት ነው የተዋጉት። ራንዶልፍ ነገሩን የንጉሣዊ አገዛዝ ፅንስ ብሎ ሦስት ሰዎች በጋራ እንዲይዙት ጠየቀ። በመጨረሻ አንድ ሰው ተባለ፤ ሁሉም የሚያምኗቸው ዋሽንግተን ሰብሳቢው ወንበር ላይ መቀመጣቸው ለዚህ ሳይረዳ አልቀረም።

አንድ ሰው ይሁን ካሉ በኋላ ብልሃቱ ያንን ሰው ማሰሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ኮንግረሱ ለሰባት ዓመት ይምረጠው የሚል ሐሳብ ነበር፤ ግን የመረጡትን ሰዎች ሊለማመጥ ነው ተብሎ ተፈራ። ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ የሚለውም ብዙ ደጋፊ አላገኘም። ስለዚህ እያንዳንዱ ግዛት በኮንግረስ ያሉትን ወንበሮች ያህል መራጮች ሰይሞ፣ እነሱ ለአራት ዓመት እንዲመርጡት ተስማሙ። ዛሬ በየአራት ዓመቱ ዓለም ግራ የሚጋባበት የመራጮች ጉባኤ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥልጣንን በሦስት ቤት አከፋፈሉት፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ማከፋፈሉ ብቻ አልበቃቸውም፤ ለእያንዳንዱ የሌላውን በር የሚዘጋበት ቁልፍ ሰጡት። ኮንግረሱ ሕግ ያወጣል፣ ፕሬዚዳንቱ ውድቅ ማድረግ ይችላል፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ውድቅ ያደረገውን መልሰው ያጸድቁታል። ፕሬዚዳንቱ ዳኞችን ያጫል፣ ሴኔቱ ካልተቀበላቸው አይሾሙም፤ ከተሾሙ በኋላ ግን በጥሩ ሥነ ምግባር እስከ ሠሩ ድረስ ዕድሜ ልካቸውን ስለሚቆዩ የሾማቸውን ሰው አይፈሩም። ፕሬዚዳንቱ የጦር ኃይሉ አዛዥ ነው፤ ጦርነት የማወጅና የጦሩን ገንዘብ የመፍቀድ ሥልጣን ግን የኮንግረሱ ነው። ከባድ ወንጀል ከፈጸመም የተወካዮች ምክር ቤት ይከስሰዋል፣ ሴኔቱ ይፈርደዋል።

የዚህ ሁሉ ሐሳብ መነሻ ሰው ክፉ ነው የሚል አይደለም። ሥልጣን የያዘ ሰው ጨምሮ መፈለጉ አይቀርም፤ ስለዚህ ደግነቱን ከመለመን ይልቅ የአንዱን ምኞት በሌላው ምኞት ማስያዝ ይሻላል የሚል ነው። ሰዎች መላእክት ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ባላስፈለገ ሲል ማዲሰን ቆይቶ ጽፏል።

ያጸደቀውስ ማነው?

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ፈረሙ። ሜሰን፣ ራንዶልፍና የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ እዚያው ተቀምጠው አንፈርምም አሉ፤ ንድፉን ያቀረበው ራንዶልፍ ራሱ መሆኑን ልብ ይሏል። አቅም አንሶት ንግግሩን በዊልሰን ያስነበበው ፍራንክሊን በዚህ ሰነድ ውስጥ የማልስማማባቸው ክፍሎች አሉ፣ ነገር ግን የተሻለ አልጠብቅም ብሎ ፈረመ። የሰነዱ ባሕርይ እንደዚህ ነው፤ ማንም የልቡ ሙሉ በሙሉ አልደረሰለትም።

ለማጽደቅ የሁሉንም ስምምነት ቢጠብቁ ሮድ አይላንድ ብቻዋን ታከሽፈው ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ግዛቶች ይበቃሉ ብለው ራሳቸው ጻፉ፤ ውሳኔውንም ከየግዛቱ ምክር ቤቶች ወስደው ለዚሁ ለተመረጡ ልዩ ጉባኤዎች ሰጡ። በአሮጌው ውል ሕግ ይህ ደንብ መጣስ ነበር። መልሳቸው ሰነዱ በሚጀምርበት ቃል ውስጥ ነው፤ «እኛ የዩናይትድ ስቴትስ ሕዝብ» ይላል። ግዛቶቹ የተዋዋሉት ነው ከማለት ሕዝቡ የመሠረተው ነው ማለታቸው ነበር።

ክርክሩ ወደ ጋዜጦች ወጣ። አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ማዲሰንና ጆን ጄይ «ፐብሊየስ» በሚል ስም ሰማንያ አምስት ጽሑፎች ጽፈው ሰነዱን ተከላከሉ። ተቃዋሚዎቹም ተራ ሰዎች አልነበሩም። ማዕከሉ ግዛቶቹን ይውጣል፣ ምክር ቤቱ ከድሃው የራቀ ይሆናል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሰው መብት በዝርዝር አልተጻፈበትም አሉ። ደላዌር በዲሴምበር 7 ቀን 1787 ቀድማ አጸደቀች። ማሳቹሴትስ በ187 ለ168 ድምፅ፣ ያውም ይሻሻል የምትለውን ዘርዝራ ተቀበለች። ኒው ሃምፕሻየር ጁን 21 ቀን 1788 ዘጠነኛ ሆነች። ቨርጂኒያ በ89 ለ79፣ ኒው ዮርክ በ30 ለ27 ተከተሉ። ሮድ አይላንድ እስከ ሜይ 1790 ቆይታ በ34 ለ32 ገባች።

የመብቶቹ ድንጋጌ የተቃዋሚዎቹ ውጤት ነው። የመናገር፣ የማምለክ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤት ያለመፈተሽ፣ በገለልተኛ ዳኞች የመዳኘት መብቶች በመጀመሪያው ሰነድ ውስጥ በዚህ መልክ አልተዘረዘሩም ነበር። መጀመሪያ አያስፈልግም ይል የነበረው ማዲሰን በገባው ቃል መሠረት በጁን 1789 ማሻሻያዎቹን ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ አሥሩ በዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸደቁ። የተሸነፉት ሰዎች ጥያቄ ዛሬ አሜሪካዊው ስለ ሕገ መንግሥቱ ሲናገር በመጀመሪያ የሚጠቅሰው ክፍል ሆነ።

ወረቀቱ እንዴት መንግሥት ሆነ?

አዲሱ ኮንግረስ በማርች 4 ቀን 1789 በኒው ዮርክ ሊሰበሰብ ቢቀጠርም ተወካዮቹ በጭቃ መንገድ እየተጓተቱ እስኪደርሱ ምልዓተ ጉባኤው የሞላው በኤፕሪል ነው። ዋሽንግተን በመራጮቹ ሁሉ ድምፅ ተመርጠው ኤፕሪል 30 ቀን ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ምን ተብለው ይጠሩ የሚለው ራሱ አከራከረ፤ የሴኔቱ ኮሚቴ «ልዑልነታቸው» የሚል መነሻ ያለው ረጅም ማዕረግ አቀረበ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ግን አልተቀበለም። «የዩናይትድ ስቴትስ ፕሬዚዳንት» ብቻ ተብለው ቀሩ። የማዕረግን ክብደት የሚያውቅ የእኛ አንባቢ ያ ክርክር ከንቱ እንዳልነበረ ይረዳል።

ጁላይ 4 ቀን 1789 ዋሽንግተን ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ የሚጥለውን ሕግ ፈረሙ። ሮድ አይላንድና ኒው ዮርክ በየተራ የገደሉት ያ ቀረጥ አሁን የአዲሱ መንግሥት ዋና ገቢ ሆነ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን የግዛቶቹን የጦርነት ዕዳ ማዕከሉ እንዲረከብ አደረገ፤ የደቡብ ተወካዮችን ለማግባባት ደግሞ ዋና ከተማዋ በፖቶማክ ወንዝ ዳር እንድትቆረቆር ተስማሙ። ዋሽንግተን ከተማ የዚያ ድርድር ልጅ ናት።

ፈተናው በ1794 መጣ። የምዕራብ ፔንሲልቬንያ ገበሬዎች በውስኪ ላይ የተጣለውን ግብር አንከፍልም ብለው መሣሪያ አነሡ፤ ነገሩ ልክ እንደ ሼይስ ነው። በዚህኛው ግን ፕሬዚዳንቱ ከአራት ግዛቶች ወደ አሥራ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ጦር ጠርተው በፈረስ የመንገዱን እኩሌታ አብረው ተጓዙ። ጦሩ ሲደርስ የሚዋጋው አልነበረም፤ በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎችም ዋሽንግተን በይቅርታ ለቀቋቸው። ከስምንት ዓመት በፊት የነጋዴ ልመና ያስፈለገው ሥራ አሁን በሕግና በመንግሥት ገንዘብ ተከናወነ።

የተሻረው ለምን አልተሰረዘም?

ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል የሁለቱ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛና የግዛቶቹ ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ከአሮጌው የሁሉም ይስማማ ደንብ ይቀልላል፣ ግን ቀላል አይደለም፤ እስካሁን የጸደቁት ሃያ ሰባት ብቻ ናቸው። ባርነት በ1865 የተሻረው ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰው ካለቀበት የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነው፤ የሦስት አምስተኛው ስሌት በ1868 ቀረ፤ ሴቶች በመላው አገሪቱ የመምረጥ መብታቸው የተረጋገጠው በ1920 ነው።

አሜሪካኖች ሲያሻሽሉ የድሮውን ጽሑፍ አይፍቁም፤ አዲሱን ከሥር ይጨምራሉ። ጃኮብ ሻለስ የተባለው ጸሐፊ በሠላሳ ዶላር በብራና ላይ የገለበጣቸው አራት ገጾች ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በመስታወት ሥር ተቀምጠዋል፤ መግቢያው በነፃ ነው። ሰው ሁሉ የሚከበው «እኛ ሕዝብ» የሚለውን ትልቅ ጽሕፈት ነው። ከእሱ ሥር፣ በዚያው በመጀመሪያው ገጽ፣ ቀለሙ በደበዘዘ ደቃቅ ፊደል «የሌሎች ሰዎች ሁሉ ሦስት አምስተኛ» የሚለው ሐረግ አለ።